የምሳ ሰዓቱ ጉብታ

እኛ ቤት «ደክሞኛል» ማለት ነውር ነበር። እናቴ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ካለው የጨርቅ ሱቋ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ፣ እግሯ አብጦ ስትመለስ እንኳ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ነበር የምትለው። እኔም ልጇ ነኝና ይህንኑ ወረስኩ። አሁን የምነግራችሁ ነገር በደረሰ ጊዜ ሁለት ትንንሽ ልጆች፣ ለንግድ ከከተማ ከተማ የሚዞር ባልና መቼም የማይዘጋ አንድ ስልክ ነበረኝ። ከሁሉም አብዝቶ የሚያለቅሰው ስልኩ ነበር።

ሥራዬ ከዘነበወርቅ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ኮምፒውተሮቹን መጠበቅ ነው። ለዚህ ሥራ የተቀጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ካርድ ማውጣቱም፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም፣ ክፍያውም የሚያልፈው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል በቆሙ ሁለት ሰርቨሮች በኩል ነው። ሰርቨር ቀን ከሌሊት ስለሚሠራ ይሞቃል፤ በጣም ከሞቀ ይበላሻል። ስለዚህ ክፍሏን ኤሲ ያቀዘቅዛታል። ቀድሞ የወረቀት ካርዶች መጋዘን ስለነበረች ግማሿ ዛሬም በመደርደሪያና በካርቶን የተሞላ ነው።

ሰርቨሮቹ አጠገብ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ሰቅያለሁ። የክፍሉን ሙቀት በየጊዜው እየለካች ትመዘግባለች። የመዘገበችው ሁሉ ተጠራቅሞ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ረጅም መስመር ሆኖ ይታያል፤ የሙቀት ታሪክ የምንለው እሱን ነው። ገደብም አበጅቼላታለሁ። ሙቀቱ ሃያ ሰባት ዲግሪ ሲያልፍ ለእኔና ለአስተዳዳሪያችን ለአቶ ብርሃኑ የማስጠንቀቂያ ቴክስት ትልካለች። ሠላሳ አምስት ከደረሰ ደግሞ ሰርቨሮቹ ከመቃጠላቸው በፊት ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ችግሩ የጀመረው ክረምቱ እንደወጣ ነው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል። ሃያ ስምንት። አንዳንዴ ሃያ ዘጠኝ። ምሳዬን ትቼ፣ ደረጃውን እያለከለክሁ ስወጣ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ኤሲው እየሠራ፣ ሙቀቱም እየወረደ አገኘዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ይሆን ብዬ ጠየቅሁ፤ አልጠፋም። የኤሲ ባለሙያ አስመጣሁ። ከፈተው፣ አጸዳው፣ መልሶ ገጠመውና «እህቴ፣ ይሄ ዕቃ ከኔም ካንቺም ጤነኛ ነው» ብሎኝ ሄደ። ስለ እኔ የተናገረው እውነት መሆኑ ያን ጊዜ አልታወቀኝም።

በመጨረሻ ቁጭ ብዬ የሁለት ወሩን የሙቀት ታሪክ ዘረጋሁት። መስመሩ ጠዋት ጠፍጣፋ ነው፤ ከሰዓት በኋላም ጠፍጣፋ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ይላል። እሑድ ጉብታ የለም። በበዓል ቀን ጉብታ የለም። መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ነበር፤ ሳምንት በሳምንት ሲተካ እየሰፋ፣ እየሰፋ መጥቷል። ማሽን እሑድን አያውቅም፤ እሑድ የሚያርፈው ሰው ነው። አንድ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ይገባል፣ ኤሲውን ያጠፋል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ሲወጣ ያበራዋል። የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ እየረዘመ ነው።

የክፍሉ ቁልፍ ያለን ሁለት ሰዎች ነን፦ እኔና እትዬ አስቴር። እትዬ አስቴር የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ መጋዘኑን ከድሮ ጀምሮ የሚይዙት እሳቸው ስለሆኑ ቁልፉ አልተወሰደባቸውም። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ሁሉንም ሰው «ተባረክልኝ»፣ «ተባረኪልኝ» እያሉ የሚያሳልፉ የዋህ ሴት ናቸው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ለጸሎት እንደሚወጡ መላው ክሊኒክ ያውቃል። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ግን በሰፈራችን ለሁላችንም የሚሠራ አንድ ደንብ አለ። ጸሎት የሄደን ሰው ማንም የት ነበርክ አይለውም። ስለዚህ እሳቸውን መጠርጠር ወደ አእምሮዬም አልመጣም።

«እትዬ፣ ቁልፉን ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ?» ብቻ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም፣ ልጄ» አሉና ጃኬታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ያን ሰሞን በሹራብ ላይ ጃኬት፣ በጃኬት ላይ ጋቢ ይደርቡ ነበር። የካርድ ክፍሉ ልጆች «እትዬ አስቴር፣ ደብረ ብርሃን ተዛወሩ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። «ዕድሜ ነው፣ ዕድሜ!» ይላሉ።

ያገኘሁትን ይዤ አቶ ብርሃኑ ቢሮ ገባሁ።

«ሰው ነው» አልኳቸው።

«ማን ሰው?»

«አላወቅሁም። ግን በየቀኑ ይገባል።»

አቶ ብርሃኑ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ምሳቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። «ስሚ ሀያት፣» አሉኝ፣ «ይሄ ቴክስትሽ ጉርሻዬን አፌ ሳላደርስ ነው የሚደርስብኝ። እስካሁን የተቃጠለ ነገር አለ? የለም። ገደቡን ሠላሳ ሦስት አድርጊውና ሁላችንም እንረፍ።»

«እሺ» አልኩ።

ሰኞ ነበር። ገደቡን መለወጥ ቁጥር አጥፍቶ ቁጥር መጻፍ ነው፤ ሻይ እስኪቀርብ ያልቃል። ነገር ግን ከቢሮአቸው ስወጣ የላቦራቶሪው ማተሚያ ወረቀት በልቶ ጠበቀኝ። ማክሰኞ ትንሹ ልጄ ሲያስመልሰው አደረና እንቅልፍ የሚባል ነገር ሳላይ ሥራ ገባሁ። ረቡዕ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ፤ ሃያ ሰባት የሚለውን ቁጥር ትኩር ብዬ አየሁት፤ እጄን አንስቼ ኪቦርዱ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። «ነገ» አልኩ። እንቢ ማለቴ አልነበረም። የቴክስቱን ጩኸት እኔም ጠልቼዋለሁ። አቅም አጥቼ ነው።

ሐሙስ ዕለት ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ስለነበር የግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ባለፉት ሁለት ስብሰባዎች ስላልተገኘሁ «ዛሬም ከቀረሽ እናት የለኝም እላቸዋለሁ» ብላኛለች። ወደ አየር ጤና የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ተዘጋ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የሰው ላብ ይሸታል። መስኮቱን ገፋ አደረግሁት።

«ልጄ፣ ዝጊው። ንፋስ ይመታኛል» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት እናት።

ረዳቱ ሳቀ። «ማዘር፣ በዚህ ፀሐይ ምን ንፋስ አለ?»

እናትዬው ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ሳቡት። «ፀሐዩማ ውጪ ነው። የኔ ብርድ ከውስጥ ነው።»

መስኮቱን ዘጋሁት። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ሃያ ስምንት። የተለመደው ጉብታ ነው ብዬ ወደ ቦርሳዬ ልመልሰው ስል እጄ ቆመ። የእናትዬው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምፈልገው ተንኮለኛ ሰው ነው። ማሽኑን ሊያበላሽ የፈለገ፣ ወይም መብራት እቆጥባለሁ ያለ፣ ወይም እዚያ ገብቶ የሚተኛ ሰነፍ። የሚበርደው ሰው ይኖራል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ኤሲውን የሚያጠፋው የሚበርደው ሰው ነዋ! ከሰርቨሮቹ ጀርባ የሚወጣው አየር ደግሞ እንደ ምድጃ ነው።

ሹራብ፣ ጃኬት፣ ጋቢ። በዚያው ጠዋት እትዬ አስቴር ሲጨብጡኝ እጃቸው እንደ ውጪ በር ብረት ቀዝቅዞ ነበር። «ውይ እትዬ፣ እጅዎ!» ብዬ አልፌአቸው ሄጃለሁ።

ስልኬ እንደገና ጮኸ። ሠላሳ። ይህ ቁጥር ደርሶኝ አያውቅም። ሰዓቴን አየሁ፤ በሌላው ቀን ቢሆን ጉብታው ቁልቁል መውረድ የነበረበት ሰዓት ነው። በሌላው ቀን ቢሆን ተነስተው፣ ኤሲውን አብርተው ሄደዋል። ዛሬ አልተነሱም።

የክሊኒኩ ጥበቃ ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እባክዎ ሰርቨር ክፍሉን ያንኳኩልኝ።»

ጥቂት ቆዩና መለሱልኝ። «ተቆልፏል። ማንም የለም።»

«እትዬ አስቴርን ይጥሩልኝ።»

«አስቴርማ ጸሎት ሄዳለች።»

«ሲወጡ አይተዋቸዋል? በበሩ ሲያልፉ?»

«አሁን ስትዪኝ...» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለካ ከወጣች ሰንብታለች። በኔ በር ካለፈች ወር አልፏታል።»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«እህት፣ እዚህ ፌርማታ የለም!»

«ወራጅ አልኩህ!»

እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ባጃጅ ይዤ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ሠላሳ አንድ የሚል መጣ፤ ሠላሳ ሁለት የሚል መጣ። ልጄ ትዝ አለችኝ። ግን እግሬን ወደ ኋላ የሚመልሰው አልነበረም።

ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ አቶ ብርሃኑና ጋሽ ታደሰ በሩ ፊት ቆመዋል። ቁልፌን አወጣሁ፤ አልገባም አለ። ከውስጥ ሌላ ቁልፍ ተሰክቶበታል።

«ሰው አለ» አልኩ። «እትዬ አስቴር ናቸው። ይስበሩት!»

«አስቴር ጸሎት ናቸው እኮ» አሉ አቶ ብርሃኑ።

«ጸሎት አልሄዱም!»

«ታዲያ ውስጥ ከሆኑ ለምን አይከፍቱም?»

«መክፈት አቅቷቸው ይሆናላ!»

በሩን በቡጢ ደበደብኩት። «እትዬ! እትዬ አስቴር!» የሚሰማው የማሽኖቹ ማራገቢያ ብቻ ነው፤ ሲሞቅባቸው እየበረታ የሚሄድ ጩኸት አላቸው። አቶ ብርሃኑ በሩን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ይሄ ባለፈው የተገጠመ የብረት በር ነው። በጥርጣሬ ሰብሬ ለባለቤቶቹ ምን እላቸዋለሁ? ቁልፍ የሚሠራ ሰው ይጠራ።»

«እስኪመጣ ቢሞቱስ?»

«ሀያት፣ ደክሞሽ ነው መሰለኝ። ተረጋጊ።»

ስልኬ ሠላሳ አራት አለ። ክርክሩን መቀጠል አልቻልኩም። በሩን ተደግፌ ቆምኩ። የማለቅሰው በንዴት ይሁን በፍርሃት አላውቅም፤ ብቻ አለቀስኩ። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ያለው ጩኸት ድንገት ቀጥ አለ። ሰርቨሮቹ ራሳቸውን አጠፉ።

ወዲያው ከምድር ቤት፣ ከክፍያ መስኮቱ፣ ሀገር የሚያውቀው ጥሪ ተሰማ።

«ሲስተም የለም!»

ካርድ ክፍሉም ተቀበለ። «ሲስተም የለም!» የተሰለፈው ሕዝብ ማጉረምረም ጀመረ። አቶ ብርሃኑ ከላይ ሆነው ወረፋውን ቁልቁል አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ታደሰ! ምን ታያለህ? ስበረው!»

ለእትዬ አስቴር ያልተሰበረው በር ለሲስተም ተሰበረ። ዛሬም ድረስ ይህን ሳስብ ልናደድ ወይስ ልሳቅ ይምታታብኛል።

በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊታችንን መታን። እትዬ አስቴር ከሰርቨሮቹ ጀርባ፣ በተዘረጋ ካርቶን ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጎናቸው ወድቀዋል። ጀርባቸው ወደ ማሽኑ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳቸው አጠገባቸው ተከፍቷል። ያን በመሰለ ሙቀት አንዲት ጠብታ ላብ የለባቸውም። ከንፈራቸው ከጋቢው አይለይም ነበር።

«እትዬ! እትዬ!» ብዬ ፊታቸውን ዳሰስኩ።

ዓይናቸውን በጭንቅ ገለጥ አደረጉ። ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማሽኑ ተበላሸ?» የሚል ነበር።

«አልተበላሸም።»

«እኔ ደህና ነኝ... ትንሽ በርዶኝ ነው።»

የተረኛዋ ዶክተር እየሮጠች መጣችና የዓይናቸውን ሥር ዝቅ አድርጋ አየች። «ደም የላቸውም!» አለች። ሌሎቹን ከክፍሉ አስወጣቻቸው። እኔ ልወጣ ስል እትዬ አስቴር እጄን ያዙኝና ለወራት ያልተናገሩትን በሹክሹክታ ተናገሩ። ደም ይፈሳቸው ነበር። አልቆም ብሏቸው ነበር።

«ሐኪም ቤት ውስጥ እየሠሩ፣ እትዬ? ታች ሐኪሙ ቁጭ ብሎ?»

«ካርዴን ማን ሊያወጣው ነው?» አሉኝ። «የኔው ልጆች ናቸው። ከዚያ ላቦራቶሪ፣ ከዚያ ክፍያ። ስንቱን ሚስጥር እኔ ራሴ በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ሆነች ይበሉኝ?»

ዶክተሯ ሰምታለች። ሲስተም ስላልነበረ ከመደርደሪያው አንድ ያረጀ ባዶ ካርድ አውጥታ በእጇ ጻፈችበትና አጥፋ፣ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይዘናቸው ሄድን። ደም ተሰጣቸው። ማህፀናቸው ላይ እጢ ተገኘ፤ ክፉ እጢ አልነበረም። ሲበረቱ በቀዶ ጥገና ወጣላቸው። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ አይተርፉም ነበር ብለውናል።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው በሄድኩ ቀን ሁሉንም አጫወቱኝ። «መጀመሪያ ሹራብ ደረብኩ፤ ቻልኩት። በሹራብ ላይ ጃኬት ደረብኩ፤ ቻልኩት። ከዚያ ጋቢ ጨመርኩ። እሱም አልበቃ ሲለኝ ያንቺ ክፍል ትዝ አለኝ። ጸሎት ሄድኩ ማለቴ ግን ውሸት እንዳይመስልሽ፤ እዚያው እጸልይ ነበር።» ከዚያ ፊቴን አተኩረው አዩኝ። «አንቺስ? ዓይንሽ ገብቷል።»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

ቁስላቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ። «እሱን እንኳ ለኔ ተዪው። ደህና ነኝን ካንቺ ይልቅ እኔ አውቃታለሁ።»

አንባቢዎቼ፣ ስለ ሰርቨር ላስተምራችሁ አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ግን ከሥራዬ አንድ ነገር ውሰዱ። አቶ ብርሃኑ በሴንሰሯ ላይ ሊያደርጉ ያሰቡትን እትዬ አስቴር በራሳቸው ላይ አድርገውታል፤ ሕመሙ ከፍ ባለ ቁጥር ገደቡን ከፍ ያደርጉት ነበር። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። «ቻልኩት» እንላለን። በቤታችሁ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ካለ የዛሬውን ቃል ብቻ አትስሙ። ባለፈው ወር እንዴት ነበር? ከበፊቱ ምን ደረበ? ምን ቀነሰ? የት መሄድ አበዛ? መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ የምሳ ሰዓቱ ጉብታ ጠፋ። አቶ ብርሃኑ ሠራተኛውን ሰብስበው ስለ ንቃቴ አመሰገኑኝ፤ ሲጨበጨብልኝ መሬት መሬት አየሁ። ስብሰባው ሲበተን ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«እንኳን ትእዛዜን እንቢ አልሽ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሠላሳ ሦስት ብታደርጊው ኖሮ...»

«እንቢ አላልኩም» አልኳቸው። «ደክሞኝ ነው። መቀየር አቅቶኝ ነው። በጣም ደክሞኛል፣ አቶ ብርሃኑ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። እሳቸውም ደነገጡ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉኝ።

የዚያን ክፍል የሁለት ወር ሙቀት ጠይቀውኝ ቢሆን ወዲያው ዘርግቼ አሳያቸው ነበር። የራሴን ግን አላውቀውም። የልጆቼን ልደት፣ የባሌን መንገድ፣ የእናቴን እግር እያሰብኩ ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ መነሻው አልተገኘም። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «አላውቅም» አልኩ።

አሁን ስልኩን ሳምንት በሳምንት የሚቀባበለኝ ሁለተኛ ሰው ተቀጥሯል። ልጄ ለዚያ ስብሰባ ገና ሙሉ በሙሉ ይቅር አላለችኝም፤ እየተነጋገርንበት ነው። ገደቡ ዛሬም ሃያ ሰባት ላይ ነው። እትዬ አስቴርም ተመልሰዋል፤ ጋቢው ቀርቷል፣ ጃኬቱ ቀርቷል። ምሳ ሰዓት ላይ ከጸሎታቸው ሲመለሱ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ፀሐይ እንሞቃለን። እጄን ይይዙና «እንዴት ነሽ፣ ልጄ?» ይሉኛል።

እንደ ድሮው ቶሎ አልመልስም። «ቆይ እትዬ፣ ካለፈው ሳምንት ጋር ላስተያየው» እላቸዋለሁ።

እሳቸውም እጄን ሳይለቁ ይጠብቁኛል።